ጥርስ ሲያም ጣና ይሰፋል

አጎቴ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ከጀልባ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት ነጠላውን ነው። አገጩን ከሥር ደግፎ፣ በጆሮው በኩል አሳልፎ፣ አናቱ ላይ ቋጥሮታል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ «አያ» እያልን ነው ያደግነው። ልጅ ሆኜ በደንገል ታንኳ ከፊቱ አስቀምጦ እየቀዘፈ ገበያ የወሰደኝ ሰው፣ ያን ቀን ከጀልባው ወደ ድንጋዩ ለመሻገር የሁለት ሰው ትከሻ ፈለገ። «አያ፣ እንዴት ነህ?» ስለው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ምራቁን መዋጥ አቅቶት በጨርቅ እየተቀበለ ይጠርጋል።

ከመንጋጋው በታች ዳበስኩት። ግራም ቀኝም አብጧል፤ እብጠቱ እንደ ግንድ ጠንክሯል። አፉን እንዲከፍት ነገርኩት። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣት ደራርቦ በላይና በታች ጥርሱ መካከል ማስገባት ይችላል። አጎቴ አንዱን በጭንቅ አስገባ። ምላሱ ወደ ላንቃው ተገፍቶ ወጥቷል።

ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንበር እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን እቆጥር ነበር። ባለባጃጁ በመስታወት አይቶኝ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «አይዞሽ እህቴ፣ ጥርስ ነው እኮ» አለኝ። ጥርስ መሆኑን ስለማውቅ ነበር የፈራሁት። የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ጎንደር ተምሬ ባሕር ዳር አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። በቀን ከምነቅላቸው ጥርሶች መካከል አንዱን፣ የገዛ አጎቴን፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳልደርስበት ቀርቻለሁ።

ሕመሙ ስም አለው። በ1836 እ.ኤ.አ. ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ስለገለጸው በእሱ ስም ይጠራል። ከታች መንጋጋ ጥርስ ሥር የተነሣ መግል አጥንቱን ዘልቆ ከምላስ በታች ይሰራጫል፤ ከዚያ ወደ አንገት ይወርዳል፤ እብጠቱ የአየር መተላለፊያውን ሲዘጋው ሰው ይታፈናል። ሉድቪግ ይህን ሲጽፍ አንቲባዮቲክ ገና አልተገኘም ነበር። አጎቴ ግን አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶታል።

የእነዚያን አሥራ ዘጠኝ ቀናት ታሪክ ኋላ ላይ፣ ሲሻለው፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስቆጠርኩት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቅርንፉድ ነክሶ ዋለ። (ቅርንፉድ ከንቱ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ዘይት ያደነዝዛል፤ እኛም ክሊኒክ ውስጥ ከዚያው ዘይት የተሠራ ማስታገሻ ጥርስ ላይ እናደርጋለን።) ቀጥሎ አረቄ በጥጥ። ቀጥሎ ጎረቤት «ትል ነው» ብለውት የእምቧይ ፍሬ አጭሰው ጭሱን በአፉ ሳበ። ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ ያገኘው ነርስ ያለውን ሰጠው፦ የማስታገሻ መርፌና አሞክሳሲሊን። እብጠቱ ጎደለ። ዳነ ተብሎ አጨዳ ገባ። መድኃኒቱ ባለቀ በአራተኛው ቀን እብጠቱ ተመለሰ፤ እሱም ተመለሰ፤ ያው መድኃኒት ተሰጠው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ ሪፈር ጻፉለት። በዱርቤቴ በኩል ያለው መንገድ ያን ሰሞን ተዘግቷል። ጀልባ ነበር፤ ግን ሁለት ቀን ነፋሱ አላስነሣ አለ። ከሰዓት በኋላ ጣና ሲቆጣ የሚያውቅ ሰው ባለጀልባውን አይወቅስም።

ነርሱንም አልወቅስም። ጥርሱ ውስጥ ያለው ሥር ሞቷል፤ በሞተ ሥር ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ደም ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ ክኒን አይደርስም። መድኃኒቱ ዙሪያውን ያበርዳል፣ ምንጩ ግን እንዳለ ነው። ያ ነርስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ጥርስ መንቀል አልተማረም፤ ጉጠት የለውም፤ የሚያደነዝዝበት መርፌ የለውም፤ ቢኖረውም የሥራ ፈቃዱ አይፈቅድለትም።

አጎቴ ተረፈ። ሐኪሞቹ አንገቱን ከሥር ከፍተው መግሉን አወጡት፤ ለቀናት በጉሮሮው ቱቦ ገብቶለት ተኛ። ከታች በግራ ያለችው ሁለተኛዋ መንጋጋ ስትነቀል ቆሜ አየሁ። ቀዳዳዋ ምስር የምታህል ነበረች። ለመንቀል አምስት ደቂቃ አልፈጀችም። ከዚያ በፊት ያለፈው ሁሉ፣ የተሸጠው በግ፣ የተቋረጠው አጨዳ፣ የእናቴ የሌሊት ልቅሶ፣ ለዚች አምስት ደቂቃ የሚሆን ሰው ከሐይቁ ማዶ ስላልነበረ የመጣ ነው።

ይህ ከሆነ ወዲህ የክሊኒካችንን ጠዋት በሌላ ዐይን ማየት ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ላይ በር ስንከፍት ደጅ የሚጠብቁን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የከተማው ሰው ቀጠሮ ይዞ፣ ጥርሱን ሊያሳጥብ ወይም ሊያስሞላ ይመጣል። ከሩቅ የመጣው ሌሊቱን ዘመድ ቤት ወይም መናኸሪያ አድሮ፣ ጉንጩን ይዞ፣ አጃቢ አስከትሎ ይመጣል። የሚጠይቀኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ንቀይልኝ።» ሊሞላ የሚችል ጥርስ እንኳ ቢሆን «ልሙላልዎት፣ ግን ሌላ ጊዜ ይመለሳሉ» ስላቸው ያዩኛል። ለመምጣት ያወጡትን አስልተው ነው የሚያዩኝ። እነቅላለሁ። ባሕር ዳር ቢወለዱ ኖሮ አፋቸው ውስጥ ይቆይ የነበረ ጥርስ ስንት ነቅያለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የአፍ ሕመም ያለበት ሰው 3.5 ቢሊዮን ይጠጋል። በአፍሪካ ቀጣና ለ100,000 ሰው ያሉት የጥርስ ሐኪሞች 3.3 ገደማ ናቸው፤ የዓለም አማካይ የዚህ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ያችኑ ሦስት ሰው ደግሞ ካርታ ላይ እኩል በትናቸው ብትሉ እሺ አይሉም፤ ሁሉም አስፋልትና መብራት ያለበት ነው የሚሰበሰቡት። እኔም እዚያው ነኝ።

ለምን እንደምንሰበሰብ በደንብ አውቃለሁ፤ «ገጠር መሥራት የማይፈልጉ» ሲባል ስሰማም ቅር ይለኛል። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ነበር። ከክፍላችን በእጁ የሚያህለው አልነበረም። ዕጣ ወጥቶለት አንድ ወረዳ ሆስፒታል ሄደ። ደስ ብሎት ነው የሄደው፤ የገበሬ ልጅ ነው። ሲደርስ የጥርስ ክፍል ተብሎ የተሰጠው ክፍል ውስጥ የአልጋ ፍራሽ ተከምሯል። የጥርስ ወንበር የለም። ወንበር ይምጣ ብሎ ጻፈ። መጣ፤ ነገር ግን አየር የሚገፋው መሣሪያ አብሮ አልመጣም። እሱ ሲመጣ መብራቱ አልቻለውም። ማደንዘዣው የሚመጣው በዓመት አንዴ ሲሆን ሦስት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን የመሰለ እጅ ሪፈር ሲጽፍ ኖረ። ደውሎ «የተማርኩትን እየረሳሁ ነው» ያለኝን አልረሳውም። ዛሬ አዲስ አበባ ነው። ቦታው ባዶ ሆነ ተብሎ ሌላ ልጅ ተመደበበት፤ ያቺ ልጅም ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሪፈር ስትጽፍ ቆይታ ሄደች።

ስለዚህ «ብዙ የጥርስ ሐኪም እናስመርቅ» የሚለው መልስ ብቻውን አያሳምነኝም። ጎንደርም ጅማም እያስመረቁ ነው። የጥርስ ሐኪም ብዙ ዓመት ይማራል፤ የተማረውም በወንበር፣ በኤክስሬይ፣ በሚሽከረከር መቦርቦሪያ እንዲሠራ ነው። ያንን ሁሉ ሐይቅ ዳር ላለ ጤና ጣቢያ እስክናደርስ የአጎቴ ዓይነቱ ሰው አይጠብቅም።

ከአጎቴ ወዲያ በወር ሁለት እሑድ ወደ ሐይቁ ዳርቻ መውጣት ጀመርኩ። ብዙውን ጊዜ የምሄደው ዘጌ ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ስለሆነ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ፈቃድ ጠይቄ፣ ደብዳቤ አጽፌ፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች ፊት ነው የምሠራው። ይህን የምለው ሳታስፈቅዱ ቦርሳ አንጠልጥላችሁ እንዳትሄዱ ነው፤ ደም ያለበት ሥራ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ጉልበት ያለው ሰው የሚሸከመው ነው። ስድስት ጉጠት፣ ጥርስ ማላቀቂያ ሦስት፣ መስታወትና መንጠቆ፣ ማደንዘዣው ሊዶኬይን፣ ጥጥ፣ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። እና ትልቅ የግፊት ድስት። ስለ ድስቱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መሣሪያን በውኃ ማፍላት በቂ ይመስላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢነድበትም አይሞቅም። የጉበት በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ያለበትን ደም የነካ ጉጠት በዚያ ብቻ አላምነውም። በግፊት 121 ዲግሪ መድረስና እዚያ ላይ መቆየት አለበት። መለኪያ ያለው ድስት ይህን በከሰልም ያደርገዋል። ጤና ጣቢያው እናቶች ስለሚያዋልድ ይኸው ዓይነት መቀቀያ አለው፤ እሱን ስንጠቀም ደግሞ የእኔ ድስት ያርፋል።

ወንበሩ ተራ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ግድግዳ ላይ አስጠግቼ፣ ጋቢ አጣጥፌ ከጭንቅላት ኋላ አደርጋለሁ፤ እኔ ቆሜ እሠራለሁ። ማታ ወገቤ ይነግረኛል።

መጀመሪያ የመጡት አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ የትኛው ነው?» ስላቸው በጣታቸው ላይኛውን አሳዩኝና «ልጄ፣ የላይኛው ሲነቀል ዐይን ያጠፋል ይላሉ» አሉኝ። ስንት ዓመት ነው የታመሙት ብላቸው፣ የመጨረሻ ልጃቸው ከተወለደ ጀምሮ አሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል፤ ጢም አውጥቷል። የጥርሱ ነርቭና የዐይን ነርቭ መንገዳቸው ለየብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። አደነዘዝኩት። አሥር ደቂቃ ጠብቄ በመንጠቆው ነካሁት። «ምን ነካሽ?» አሉኝ። ነቅዬ መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው አመኑ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሥር ብር ሊሰጡኝ ሲሉ አልቀበልም ብዬ ተጨቃጨቅን፤ ማታ ስመለስ ጀልባው ላይ አንድ ፌስታል ቡና ተልኮልኝ አገኘሁ።

ዘጌ የቡና አገር ነው። እርሻ የማይታረስበት፣ ጫካው በገዳማቱ ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ምድር ነው። እና ሽማግሌዎቹ ጥርስ አላቸው! ሰባ ዓመት ያለፋቸው መነኩሴ አፍ ውስጥ ሃያ ስምንት ጥርስ ቆጥሬያለሁ። የወይራ መፋቂያቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ፤ ጫፉ እንደ ብሩሽ ተፈትሏል። «አባ፣ ስኳር ይወስዳሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጾም በዝቶብኝ ስኳር አልደረሰኝም» አሉኝ።

የልጅ ልጆቻቸው አፍ ግን ሌላ ነው። ጀልባው ጠዋት ከባሕር ዳር ጭኖ የሚመጣውን አይቻለሁ፤ የለስላሳ ሣጥን፣ የብስኩት ካርቶን፣ ከረሜላ። አንዲት አሮጊት በልጅነታቸው ቡና በጨው ይጠጡ እንደነበር ነገሩኝ፤ ዛሬ ስኒው ግማሽ ስኳር ነው፣ ሕፃኑም ከሥር ከሥር ይጨልጣል። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ጥርሱን ያሟሟል። ከመጠኑ ይልቅ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። ቀኑን ሙሉ አንዲት ከረሜላ ከጉንጭ ጉንጭ የሚያንከባልል ልጅ፣ አንዴ ጠጥቶ ከተወው የባሰ ይጎዳል። መሣሪያ ከያዝኩበት ቀን ይልቅ ይህን ለእናቶች ቁጭ ብዬ ያስረዳሁበት ቀን ይበልጥ የጠቀመ ይመስለኛል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም እዚያ ሱቅ ውስጥ እንዲኖር ባለሱቁን ለምኜ ነው። አሁን ከብስኩቱ አጠገብ ደርድሮታል።

ሌላም ያየሁት አለ። ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች የክራንቻቸው ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ወይም ጥርሱ ጠሞና ተሸራርፎ ይመጣሉ። ሕፃን ሳሉ ተቅማጥ ሲይዛቸው «ግግ ነው» ተብሎ ድዳቸው ተፈልፍሎ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ወጥቷል፤ ከሥሩ የነበረው የቋሚው ጥርስ ፍሬም አብሮ ተጎድቷል። ያስደረጉት እናቶች ልጃቸውን ከሞት ለማዳን ነው ያደረጉት። «ተቅማጡ ድዱ ላይ አይደለም፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ ስጡት» የሚል ሰው በሰዓቱ ደጃቸው ላይ አልነበረም።

ለሕፃናቱ መቦርቦሪያ አልጠቀምም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ አለ። የበሰበሰውን የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ዱቄትና ፈሳሽ ተለውሶ የሚጣበቅ መሙያ በጣት ይጫናል። መብራት አይፈልግም፣ አብዛኛውን ጊዜ መርፌም አይፈልግም። መሙያው ራሱ ፍሎራይድ ይለቃል። ሌላው ደግሞ ብር ያለበት የፍሎራይድ ጠብታ ነው፤ የተቦረቦረ ጥርስ ላይ ሲቀባ ብዙ ጊዜ መበስበሱን ያቆመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መሙያውንም ጠብታውንም፣ ከፍሎራይዱ የጥርስ ሳሙና ጋር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከጠብታው ያለኝ አንዲት ጠርሙስ ናት፤ ጓደኛዬ ከውጭ ያመጣችልኝ።

ጠብታው የበሰበሰውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል። ብዙ አገር ወላጆች በዚህ ምክንያት እንደማይወዱት አንብቤ ስለነበር ለአንዲት እናት ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። ሳቅ አለችና ከንፈሯን ገልጣ አሳየችኝ። ድዷ ከዳር ዳር ተነቅሷል፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ያምራል። «ጥቁር ነው የምትፈሪው? ቀቢው» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ስናገር ሥራው የተሠራ እንዳይመስላችሁ። አልተሠራም። እኔ በወር ሁለት እሑድ ነኝ፤ የጥርስ ሕመም ማክሰኞ ሌሊት ይነሣል። የሚመጡ የበጎ ፈቃድ ዘመቻዎችንም አከብራለሁ፣ ተሳትፌባቸዋለሁም፤ ሳምንት ሰንብተው ሲሄዱ ግን ከኋላቸው የሚቀረው የተነቀለ ጥርስና ለከርሞ የሚጠብቅ ሰልፍ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ እዚያው የሚያድር ሰው ይማር።

ያ ሰው ደግሞ አለ። እኔ በምሄድበት ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ አለ። ሥልጠና ወስዶ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። የዐይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን የሚወጋቸውን እናቶች ያደነዝዛል፣ ቆቡን ይቀድዳል፣ ያዞራል፣ ይሰፋል። የዐይን ቆብ! በክልላችን ይህን ሥራ በየጤና ጣቢያው የሚሠሩት እንደሱ ያሉ ነርሶች ናቸው፤ የዐይን ሐኪም እስኪመጣ ቢጠበቅ ስንቱ ይታወር ነበር። በየወረዳው ሆስፒታል ምጥ የጠናባትን እናት ቀዶ የሚያዋልደውም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ተብሎ የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ይህ ሥልጠና የተጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ማሕፀን ከፍቶ ልጅ የሚያወጣ፣ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ ማሠልጠን ከቻልን፣ የታች መንጋጋን አደንዝዞ ጥርስ የሚነቅል ነርስ ማሠልጠን እንዴት ያቅተናል?

አዲስ ነገርም አይደለም። ኒውዚላንድ በ1921 እ.ኤ.አ. ወጣት ሴቶችን ሁለት ሁለት ዓመት እያስተማረች በየትምህርት ቤቱ የልጆችን ጥርስ እንዲሞሉና እንዲነቅሉ አሰማራች። የአሜሪካዋ አላስካ ውስጥ መኪና የማይገባባቸው፣ በትንሽ አውሮፕላንና በጀልባ ብቻ የሚደረስባቸው መንደሮች አሉ። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች በ2003 እ.ኤ.አ. የገዛ ልጆቻቸውን እዚያው ኒውዚላንድ ልከው አስተምረው መለሷቸው። የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እስከ ፍርድ ቤት ተቃወማቸው። ልጆቹ ግን ዛሬም ይሠራሉ፤ በየመንደራቸው የተወለዱ ስለሆኑ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ብርዱን ያውቃሉ፣ አይሄዱም።

ባልደረቦቼ ጋር በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። አንዲት ታላቅ እህት የማደርጋት ባልደረባዬ «ለገጠር ሰው ግማሽ ሐኪም ይበቃዋል ማለትሽ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያላት ፍርሃት ትክክል ነው፤ በደንብ ያልሠለጠነ ሰው ሥር ይሰብራል፣ መንጋጋ ይሰብራል፣ ደም መቆም ያቃተውን ሰው ይዞ ይጨነቃል። ስለዚህ ድንበሩ መታወቅ አለበት። አጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ አይነካም። እብጠቱ ከመንጋጋ በታች የወረደ ሰው ያን ዕለት ይላካል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይላካል። ከዚህ መለስ ያለው ብዙው ሕመም ግን እዚያው ያልቃል። አጎቴም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ የሄደ ቀን ከዚህ መለስ ነበር። «ግማሽ» ያልሽውን እሱ አላገኘም አልኳት። ዝም አለች። ባለፈው ወር ግን ሁለት ጉጠቶቿን ይዛልኝ መጣች።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ደግሞ ቤት ለቤት ይገባሉ። እነሱ ጥርስ ይንቀሉ አልልም። ግን የሕፃኑን ከንፈር ገልጠው ነጭ ነጠብጣብ ማየት፣ ጠብታውን መቀባት፣ ስለ ከረሜላው መንገር፣ ግግ የሚያወጡትን ማስተው ይችላሉ። ክንድ ላይ የወሊድ መከላከያ የሚቀብር እጅ ጠብታ መቀባት አያቅተውም።

ነርሱን እኔ አላስተማርኩትም፤ መብቱ የለኝም። እሑድ እሑድ ባትሪ ይይዝልኛል፣ ጭንቅላት ይደግፍልኛል፣ መሣሪያ ይቀቅላል። ነገር ግን ዐይኑ አያርፍም። የመርፌው ጫፍ የት እንደሚገባ፣ አጥንቱን ሲነካ ስንት እንደምመልሰው አይቶ ጨርሷል። አንድ ቀን ጉጠቱን ላነሣ ስል ትክክለኛውን መርጦ አቀበለኝ። እኔ ስሄድ ቦታው እሱ ይቀራል። ሰኞ አንድ ሰው ጉንጩን ይዞ ይመጣል፤ እሱ ጥርሱን ያውቀዋል፣ ሥሩን ያውቀዋል፣ እጁ ይችላል፤ ያለው መልስ ግን «እሑድን ጠብቅ» ነው። ስማቸውን የሚጽፍበት ሰማያዊ ደብተር አለው። ባለፈው ስሄድ ሠላሳ ሰባት ስም ነበረበት፤ ጀልባው እስኪጠራኝ አሥራ ስምንቱን ደረስኩ።

ለእናንተ፣ በተለይ ዘመድ ገጠር ላላችሁ፣ ይህችን ያዙልኝ። የታመመ ጥርስ ኖሮት አንገቱ ካበጠ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ፣ ወይም በአፉ ሁለት ጣት ካልገባ ሌላ ክኒን አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን መንገድ ፈልጉ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ፤ ከነርሱ ነው። አንድ ወጣት፣ አገጩ በሻሽ ታስሯል። «ደብተሩ ላይ ቁጥር 22 ነው፤ እሑድን ሊጠብቅ ነበር» ይላል።

«ስንት ጣት ይገባል?» ብዬ ጻፍኩለት።

ትንሽ ቆየ። «አንድ።»

«የሚነሣ ጀልባ አለ?»

«የአጎቴ ልጅ ጀልባ አለው። ነፋሱ ቆሟል።»

«አሁን አሳፍረው፤ ቁጭ ብሎ ይምጣ፣ በጀርባው እንዳይተኛ። ወደቡ ላይ እጠብቀዋለሁ።»

ጫማዬን እያደረግሁ ነው።